በጃፓን ባህላዊ ሙያን በእጅ መማር፦ ከምርጫው እስከ ሻንጣው

ወደ ጃፓን የሄደ ተጓዥ በአንድ ቀን ውስጥ ኪሞኖ ለብሶ፣ የሻይ ሥርዓት ላይ ተቀምጦ፣ በብሩሽ ስሙን ጽፎና ሱሺ ሠርቶ ማታ ወደ ሆቴሉ ሊመለስ ይችላል። ይህን ሁሉ በአንድ ዋጋ ጠቅልለው የሚሸጡ ድርጅቶች በቶኪዮም በኪዮቶም ሞልተዋል። እኔ የምመክረው ግን አንድ ሙያ መርጦ ቢያንስ ግማሽ ቀን መስጠትን ነው፤ ከተቻለም ሙያው በሚሠራበት ከተማ ሄዶ መማርን። የጃፓን የእጅ ሙያዎች ትልቁ ትምህርት ያለው በዝግጅቱ ላይ ነው፦ ቀለሙን በድንጋይ ላይ ማሸት፣ ጨርቁን በክር ማሰር፣ ጭቃውን ለውሶ አየሩን ማስወጣት፣ የሻዩን ዱቄት መንፋት። ሰዓቱ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ዝግጅት ነው። መምህሩ ሁሉንም አሰናድቶ ይጠብቅዎታል፤ እርስዎ የመጨረሻውን ጥቂት ሠርተው፣ ፎቶ ተነሥተው ይወጣሉ። ለዚያ ያን ያህል መንገድ መሄድ አያስፈልግም።

1. ምን ለመማር እንደሚሄዱ አስቀድመው ይወስኑ

ለተጓዥ የሚሰጡት ትምህርቶች በሦስት ይከፈላሉ ብዬ አስባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዕቃ ሠርተው ይወጣሉ፦ ሸክላ፣ ኢንዲጎ በሚባለው ከቅጠል በሚወጣ ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ጨርቅ፣ ዋሺ የሚባለው በእጅ የሚሠራ ወረቀት። በሁለተኛዎቹ የሚማሩት የእጅና የአካል እንቅስቃሴ ነው፦ የሻይ ሥርዓት፣ በብሩሽ መጻፍ፣ ኢኬባና የሚባለው የአበባ አደራደር፣ ጁዶና ኬንዶ የሚባለው የሰይፍ ስፖርት። ሦስተኛዎቹ በገዳም የሚደረጉ ናቸው፦ ዛዜን፣ ማለትም የዜን ቡድሂስቶች በዝምታ መቀመጥ፣ እንዲሁም የቡድሃ ጸሎትን በብሩሽ መገልበጥ።

ይህን መለየት የሚጠቅመው ለምርጫ ብቻ አይደለም። ዕቃ የሚሠራበት ትምህርት ዕቃው እስኪደርቅ፣ እስኪተኮስ ወይም እስኪጠነክር ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በጉዞው መጀመሪያ ላይ ይያዝ። የእንቅስቃሴ ትምህርት ከጉዞው መሀል ቢውል ይሻላል፤ ከረጅም በረራ በማግስቱ ተንበርክኮ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ከባድ ነውና። የገዳሙ ደግሞ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው። ለቱሪስት ክፍት መሆኑ ሃይማኖትነቱን አያስቀረውም። ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም አንባቢ ይህን አውቆ፣ በኅሊናው ልክ ወስኖ ቢገባ ለራሱም ለመነኮሳቱም ክብር ነው። የሻይ ሥርዓት ከዜን ጋር የቆየ ዝምድና ቢኖረውም ለእንግዳ ሲቀርብ አምልኮ የለበትም፤ እንግዳው የሚያደርገው መስገድም ሰላምታ ነው።

2. ሙያው ወደሚሠራበት ቦታ ይሂዱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጉዞውን ጥራት ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይህ ነው።

ጃፓን በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕግ ባህላዊ የእጅ ሥራዎችን በየአካባቢያቸው ትመዘግባለች። አንድ ሥራ እንዲመዘገብ ለዕለት ኑሮ የሚያገለግል፣ በዋናነት በእጅ የሚሠራ፣ ዘዴውና ጥሬ ዕቃውም 100 ዓመት ያህል የቆየ መሆን አለበት፤ በአንድ አካባቢ የሚሠሩት ባለሙያዎችም ጥቂት መሆን የለባቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሙያ አገር አለው። ኢንዲጎ ስንል ቶኩሺማ ነው። ጨርቅን አስሮ መንከር ስንል ናጎያ ከተማ ውስጥ ያለችው አሪማትሱ፣ ሸክላ ስንል ማሺኮ፣ ሺጋራኪ፣ ቢዘንና አሪታ ናቸው። የወርቅ ቅጠል፣ ማለትም ተቀጥቅጦ እንደ ስስ ወረቀት የሆነ ወርቅ፣ ካናዛዋ ይሠራል፤ የአገሪቱ የወርቅ ቅጠል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ ይወጣል። ዋሺ ደግሞ ኤቺዘንና ሚኖ። ለሻይ ከኪዮቶ በስተ ደቡብ ያለችው ኡጂ አለች፤ ሻዩ የሚመታበት የቀርከሃ መምቻ እንኳ የራሱ መንደር አለው። በናራ ክፍለ ግዛት በምትገኘው ታካያማ አንድ ቀርከሃ በቢላዋ እየተሰነጠቀ በርካታ ደርዘን ቀጫጭን ጥርሶች ይወጡለታል።

የትኛው እንደሚስብዎ ገና ካልወሰኑ በቶኪዮ የአኦያማ ስኩዌር የባህላዊ ዕደ ጥበብ ማዕከልን፣ በኪዮቶ ደግሞ በኦካዛኪ ሠፈር ሚያኮ ሜሴ ሕንጻ ምድር ቤት ያለውን የዕደ ጥበብ ሙዚየም ይጎብኙ። የብዙ አካባቢ ሥራ ጎን ለጎን ተቀምጦ ያያሉ፤ ዓይንዎ የሚመለስበትን ይከተሉ።

ከቶኪዮ መራቅ የማይችሉም አይቸገሩ። በኒሆንባሺ ከ1653 ጀምሮ ወረቀት የሚነግደው ኦዙ ዋሺ በዚያው ሱቅ ውስጥ ወረቀት ማውጣት ያስተምራል። በአካሳካ የሶገትሱ የኢኬባና ትምህርት ቤት አለ፤ በ1927 በተሺጋሃራ ሶፉ የተመሠረተ ነው። ለዛዜን ከከተማዋ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ርቃ የምትገኘው ካማኩራ በ1282 የተመሠረተው የኤንጋኩጂ ገዳም አላት።

3. ከመክፈልዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥሩ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲቀርብለት አይቀየምም፤ እንዲያውም በዝርዝር ይመልሳል። ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው፦ ማን ነው የሚያስተምረው? በሙያው የሚተዳደር ሰው ነው ወይስ አስተናጋጅ? በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይገባል? ከጊዜው ምን ያህሉ በእጅ ለመሥራት ነው? ጥሬ ዕቃው ምንድን ነው? በየትኛው ቋንቋ ይሰጣል? ዕቃው መቼ ይደርሳል፣ ወደ ውጭ አገርስ ይልካሉ?

ስለ ጥሬ ዕቃው የሚቀርበውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኪንትሱጊን እንውሰድ፤ የተሰበረ ዕቃ ተጣብቆ ስንጥቁ በወርቅ ዱቄት የሚሸፈንበት ሙያ ነው። በባህሉ የሚያጣብቀው ኡሩሺ የሚባል የዛፍ ፈሳሽ ሲሆን፣ ሞቃትና እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚጠነክረው። ሥራው ተነባብሮ ሲጠናቀቅ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት ተጠናቅቆ የሚሰጥ ኪንትሱጊ በኬሚካል ማጣበቂያ የተሠራ ነው ማለት ነው። በግልጽ እስከተነገረዎ ድረስ ይህ ነውር የለበትም፤ ቅርጹንና ትዕግሥቱን ይማሩበታል። ነገር ግን በዚያ ዕቃ ምግብ መብላት ወይም ትኩስ ነገር መጠጣት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። እውነተኛ ኡሩሺ ከሆነም ከመድረቁ በፊት ቆዳን ሊያሳክክና ሽፍታ ሊያወጣ ስለሚችል ጓንትና ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል።

በኢንዲጎም እንዲሁ ነው። ጋኑ ውስጥ ያለው ቀለም የሚሠራው ከተብላላ ቅጠል ነው ወይስ ከፋብሪካ ዱቄት? ሁለቱም ሰማያዊ ይሰጣሉ፤ የሚማሩት ነገር ግን ለየቅል ነው።

4. ቀጠሮ፣ ዋጋና ቪዛ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አስቀድሞ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻው አዲስ አበባ ባለው የጃፓን ኤምባሲ በኩል ነው። በባሕረ ሰላጤ አገሮች በመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ በምትኖሩበት አገር ማመልከት ትችላላችሁ። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ላላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል ኢንቾን በኩል ቶኪዮ ናሪታ ይደርሳል። ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ክፍል አይያዙ።

ዋጋው ሰፊ ልዩነት አለው። የአንድ ሰዓት የሻይ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 6,000 የን ነው፤ መሐረብ በኢንዲጎ መንከር ከዚያ ያንሳል፤ ሸክላ ከሆነ የመተኮሻውና የመላኪያው ሒሳብ ለብቻው ሊታሰብ ይችላል። በግል የሚሰጥና ግማሽ ቀን የሚፈጅ ትምህርት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በትናንሽ ከተሞች ያሉ የሥራ ቤቶች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። ጉርሻ አይሰጥም፤ ቢሰጡም ያሳፍራቸዋል።

ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር ያለው የበዓላት ሳምንት፣ የነሐሴ አጋማሹ የኦቦን በዓልና አዲስ ዓመት ሲሆኑ ወይ ቤቱ ይዘጋል ወይ መንገዱ ይጨናነቃል። የቼሪ አበባ ሰሞን ኪዮቶ ውስጥ ለመማር ካሰቡ ወራት አስቀድመው ይያዙ።

መሰረዝ ካለብዎ በጊዜ ያሳውቁ። ለሦስት ሰው ቀጠሮ የተያዘበት ባለሙያ ጠዋት ተነሥቶ ለሦስት ሰው ጣፋጭ አዝዟል፣ ለሦስት ሰው ጭቃ ለውሷል።

5. አካልዎንና ልብስዎን ያዘጋጁ

ታታሚ በሚባለው የሳር ምንጣፍ ላይ ሰይዛ ተቀምጦ መቆየት፣ ማለትም ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ ማረፍ፣ ላልለመደ ጉልበት ከባድ ነው። ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ቤት ውስጥ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይለማመዱት። ጉልበትዎን የሚያምዎ ከሆነ ወንበር ይጠይቁ። ይህን እንደ ድክመት የሚያይ ሰው ታሪኩን አላወቀም፦ የኡራሰንከ የሻይ ትምህርት ቤት 11ኛው አለቃ ጌንጌንሳይ በ1872 ለኪዮቶ ኤግዚቢሽን፣ መሬት መቀመጥ ላልለመዱ የውጭ እንግዶች ሲል በጠረጴዛና በወንበር የሚካሄድ የሻይ ሥርዓት አዘጋጅቷል። ሪዩሬይ ይባላል፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

ለሻይ ንጹሕ ነጭ ካልሲ በቦርሳ ይዘው በር ላይ ይቀይሩ። ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር ያውልቁ፤ ሻዩ የሚጠጣበት ጎድጓዳ ሳሕን የእጅ ሥራ ነው፣ አንዳንዴም ከመምህሩ ዕድሜ ይበልጣል። ሽቶ አይቀቡ፤ የዕጣኑንና የሻዩን ሽታ ይሸፍነዋል። ለሸክላ ጥፍር ይቆረጥ። ለኢንዲጎና ለብሩሽ ጽሕፈት ቢበላሽ የማያሳዝን ልብስ ይሁን፤ የብሩሹ ቀለም ከልብስ አይለቅም። ኪሞኖ ካለበሱዎት ደግሞ በግራ በኩል ያለው ክፍል ከላይ መዋሉን በመስታወት ይመልከቱ፤ የተገላቢጦሹ የሚለበሰው አስከሬን ሲገነዝ ነው።

የሚጾሙ ሰዎች በቀጠሮው ጊዜ በጽሑፍ ያሳውቁ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ መረቅ አለው፤ የሻዩ ጣፋጭ ግን በአብዛኛው ከባቄላ፣ ከስኳርና ከሩዝ ዱቄት ስለሚሠራ ለጾመኛ የሚስማማ ብዙ አለው። በሱሺና በሌሎች የማብሰል ትምህርቶች ምን እንደሚቀርብ አስቀድመው ይረዱ።

6. ሲገቡ

አሥር ደቂቃ ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ማለትም ባለቤቱን ያስጨንቃል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ቤት ውስጥ የሚሰጠው ነጠላ ጫማም ታታሚው ጫፍ ላይ ይቀራል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ነጠላ ጫማ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤቱ አይወጣም። በታታሚው የጨርቅ ጠርዝ ላይ አይርገጡ።

ሲጀመር ጎንበስ ብለው “ዮሮሺኩ ኦኔጋይ ሺማስ” ይበሉ፤ አስተምሩኝ፣ አደራ እንደማለት ነው። ሲያበቃ “አሪጋቶ ጎዛይማሺታ”። መምህሩን በስማቸው ሳይሆን “ሰንሰይ” ብለው ይጥሩ። ፎቶ ማንሣት መቼ እንደሚፈቀድ መጀመሪያ ላይ ጠይቀው ከዚያ በኋላ ስልክዎን ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡ። ስጦታ ግዴታ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ግን ትንሽ ጥቅል የተቆላ ቡና መልካም ነው። ጃፓኖች የእኛን ቡና “ሞካ” በሚል ስም ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል።

7. የሻይ ትምህርት፣ ከቅርብ ሲታይ

ዛሬ የሚሠራበትን የሻይ ሥርዓት መልክ ያስያዘው በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሰን ኖ ሪኪዩ ነው፤ በ1591 አረፈ። ከዘሩ የወጡት ሦስቱ ትምህርት ቤቶች፣ ኦሞተሰንከ፣ ኡራሰንከና ሙሻኮጂሰንከ፣ ሁሉም ኪዮቶ ውስጥ ናቸው፤ በዝርዝር አያያዝ ይለያያሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ከመምህርዎ ትንሽ ቢለይ የመምህርዎን ይከተሉ። በኡጂ ከተማ፣ ከቢዮዶኢን ቤተ መቅደስ አጠገብ፣ ታይሆአን የሚባል የከተማው አስተዳደር የሻይ ቤት አለ፤ በጨዋ ዋጋ ያስተናግዳል፣ በቀጠሮም ራስዎ ሻይ የማዘጋጀትን ሥርዓት ይሞክራሉ።

መጀመሪያ እንግዳ መሆንን ይማራሉ። ወደ ክፍሉ ገብተው ቶኮኖማ ወደሚባለው ከፍ ያለ ጥግ ይሄዳሉ፤ የተሰቀለ ጽሑፍና በዕቃ ውስጥ የገባ አበባ አለ። ተንበርክከው ይመለከቱታል። መምህሩ ያን ጽሑፍና ያን አበባ ለዚያ ቀን መርጠውታል፤ ምን እንደሆነ ቢጠይቁ ደስ ይላቸዋል።

ጣፋጩ ከሻዩ በፊት ይመጣል፤ ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ያልቃል። ከሻይ ጋር እያፈራረቁ መብላት የለም፤ አፍ ውስጥ የቀረው ጣዕም የሻዩን መራራነት እንዲቀበል ነው ቀድሞ የመጣው። ጎድጓዳው ፊት ለፊትዎ ሲቀመጥ ከጎንዎ ላለው እንግዳ “ኦሳኪ ኒ” ብለው፣ ቀድሜዎት እጠጣለሁ እንደማለት፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ። በቀኝ እጅ አንሥተው በግራ መዳፍ ላይ ያሳርፉታል። ጎድጓዳው ፊት አለው፤ ያማረው ገጹ ወደ እርስዎ ዞሮ ነው የቀረበው። በዚያ በኩል ላለመጠጣት በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ጊዜ በትንሹ ያዞሩታል። በሦስት ያህል ጉንጭ ይጠጣሉ፤ የመጨረሻውን ድምፅ አሰምተው ይስቡታል፣ ማለቁን ለአስተናጋጁ ይነግራል። የጠጡበትን የጎድጓዳውን ጠርዝ በጣት ጠርገው፣ ጣቱን በወረቀት አድርቀው፣ ጎድጓዳውን መልሰው አዙረው ያስቀምጣሉ። ከዚያ ክርንዎን ጉልበት ላይ አስደግፈው፣ ከምንጣፉ ብዙ ሳያነሡት፣ ታቹንና ዙሪያውን በደንብ ያያሉ። ይህን አይዝለሉ፤ ሸክላ ሠሪው ጣቱን የተወበት ቦታ ይታያል።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው፦

ሀ. ጎድጓዳውን በሙቅ ውሃ ያሙቁ፤ መምቻውንም፣ ቻሰን ይባላል፣ በዚያው ውሃ ነክረው ጥርሶቹን ያለስልሱ። ደረቅ ቀርከሃ ይሰበራል። ውሃውን ደፍተው ጎድጓዳውን ያድርቁ።

ለ. የተነፋ ማቻ (የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት) በቀርከሃ ማንኪያ አንድ ተኩል ያህል፣ ማለትም ወደ 2 ግራም፣ ይጨምሩ። በማንኪያው ጫፍ ክምሩን በተን ያድርጉት።

ሐ. 70 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያፍሱ፤ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ። የፈላ ውሃ ምሬቱን ያጎላል።

መ. በግራ እጅ ጎድጓዳውን ይያዙ። መምቻውን በቀኝ እጅ ቀጥ አድርገው ከአንጓ ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በፍጥነት ይምቱ። ክንድ አይንቀሳቀስም፣ እንደ ሾርባም አይዞርም። ታቹን አይጫኑ።

ሠ. አረፋ ሲነሣ ፍጥነቱን ቀንሰው ትላልቆቹን አረፋዎች ከላይ ይሰባብሩ። በመጨረሻ በዝግታ አንድ ዙር አዙረው ከመሀል ቀጥ አድርገው ያውጡት።

በኡራሰንከ አረፋው መላውን ገጽ ይሸፍናል፤ በኦሞተሰንከ ግን ጥቂት ቦታ ያለ አረፋ ይተዋል፣ አረንጓዴው ሻይ እንዲታይ። አረፋዬ አልወጣም ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ትከሻውን ጠብቆ ይዞ ነው። ትንፋሽ አውጥቶ ትከሻን ዝቅ ማድረግ ከማንኛውም ምክር በላይ ይሠራል።

ሲነሡ እግርዎ ደንዝዞ ከሆነ አይሩጡ። የእግር ጣቶችዎን አጣጥፈው ደም እስኪመለስ ይጠብቁ፤ መምህሩም ራሳቸው ያውቁታልና ይታገሱዎታል።

8. ኢንዲጎ፣ እና ከቤት የሚሄድ ጨርቅ

ለእኛ ሰው በጃፓን ካሉት ትምህርቶች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። በቶኩሺማ የኢንዲጎ ቅጠል ደርቆ፣ ውሃ እየተረጨና እየተገላበጠ 100 ቀን ያህል ይብላላና ሱኩሞ የሚባል ጥቁር አፈር መሰል ነገር ይሆናል። ያ ሱኩሞ ከአመድ ውሃ፣ ከስንዴ ፉርሽካና ከኖራ ጋር ጋን ውስጥ ገብቶ እንደገና ይብላላል። ጋኑ ሕይወት አለው፤ ባለሙያው በየቀኑ ያማስለዋል፣ ላዩ ላይ የሚሰበሰበውን ሐምራዊ አረፋ አይቶ፣ አሽትቶ ደኅንነቱን ያውቃል። በአይዙሚ ያለው “አይ ኖ ያካታ” ሙዚየም የቀድሞ የኢንዲጎ ነጋዴ ቤት ሲሆን ጎብኚ መሐረብ መንከር ይችልበታል።

ብዙ የሥራ ቤቶች የራስዎን ጨርቅ ይዘው እንዲመጡ ይፈቅዳሉ፤ ሒሳቡ በክብደት ነው። ኢንዲጎ ጥጥን በደንብ ይይዛል። ስለዚህ ያረጀ የፈትል ነጠላ ይዘው ቢሄዱ በሸማኔ እጅ የተሠራው ሥራ በሌላ ባለሙያ ጋን ውስጥ አዲስ ዕድሜ ያገኛል። አስቀድመው በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ስታርቹንና ቅባቱን ያስለቅቁ፤ ያለዚያ ይዥጎረጎራል። ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ቀለሙን አይቀበልም፤ ባለበት ይቀራል፣ ያ ደግሞ በሰማያዊው ላይ ጎልቶ ያምራል።

ንድፍ ከፈለጉ በመጀመሪያ ያስሩታል። በ1608 በጥንቱ የቶካይዶ አውራ መንገድ ላይ የተቆረቆረችው አሪማትሱ በዚህ ትታወቃለች። የጨርቁን አንድ ነጥብ ቆንጥጠው ይዘው ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው ክሩን ሳያላሉ ከሥር ይጠመጥሙታል። የላላው ቋጠሮ ቀለም ያስገባል፤ የጠበቀው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የአንድ ሰዓት ማሰር የሦስት ደቂቃ መንከር ነው።

ከዚያ ጓንት አድርገው ጨርቁን በውሃ ያርሱት፣ ይጭመቁት፣ ሳይረብሹ ወደ ጋኑ ያስገቡት። ውስጥ ሆነው እጥፋቶቹን በእጅ ይክፈቱ እንጂ አየር አያስገቡበት። ሲያወጡት ሰማያዊ አይሆንም፤ ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ነው። አየር ሲነካው ዓይንዎ እያየ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ያን ጊዜ ቀና ብለው ስልክ አይፈልጉ፣ ጨርቁን ይዩት። ብዙ አይቆይም። ሰማያዊው እንዲጠልቅ ደግሞ ደጋግሞ መንከርና አየር ማስመታት ነው፤ ጋኑ ውስጥ ረጅም ጊዜ ማቆየት ያን ውጤት አይሰጥም።

9. ሌሎቹን በአጭሩ

በብሩሽ ጽሕፈት ስምዎን ብቻ አስጽፈው አይውጡ። ስም ለማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ለመማር ግን አንድ ፊደል ደጋግሞ መጻፍ ይበልጣል። “ዘላለም” የሚል ትርጉም ያለው “ኤይ” የሚባል ፊደል አለ፤ ስምንቱን መሠረታዊ የብሩሽ ምቶች ስለሚይዝ ለትምህርት ይመረጣል። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ይያዛል፣ የተጻፈ መስመር ተመልሶ አይነካም።

ሸክላ በእጅ ማነጽ ለጀማሪ ከመሽከርከሪያው ይሻላል፤ ቅርጹ የእርስዎ ይሆናል። ሲደርቅና ሲተኮስ ከ10 በመቶ በላይ ስለሚያንስ የሚፈልጉትን ያህል ሳይሆን ከዚያ አስፍተው ይሥሩ። ማሺኮ ሸክላ ሠሪው ሐማዳ ሾጂ በ1924 የሰፈረባት ከተማ ናት፤ በጸደይና በኅዳር ትልቅ የሸክላ ገበያ ይቆማል። ያን ሰሞን ለመግዛት ይሂዱ፤ ለመማር በሌላ ጊዜ።

ኢኬባና ሠርተው አበባውን ይዘው መዞር አይችሉም። አምጥተው ሊጠቀሙበት የሚችሉት ኬንዛን የሚባለውን ባለ መርፌ ከባድ የብረት መያዣ ነው።

ለኮያሳን አንድ ሌሊት ይስጡ። በ816 መነኩሴው ኩካይ የመሠረተው የተራራ ገዳም ነው፤ 50 ያህል ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። ራቱ ሾጂን ሪዮሪ ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሌለበት፣ መረቁ ከባሕር አረምና ከእንጉዳይ የሚወጣ። የጾም ሰሞን የሚጓዝ ኦርቶዶክሳዊ በጃፓን ሳይጨነቅ የሚበላበት ማዕድ እንዲህ ያለው ነው። የጸሎት መገልበጡን ባይፈልጉ ማንም አያስገድድዎም፤ የማለዳውን ሥርዓት ከኋላ ተቀምጦ ማየትም ይቻላል።

10. ከትምህርቱ በኋላ

በኢንዲጎ የተነከረ ጨርቅ እርጥብ ሆኖ ከተሰጠዎ በላስቲክ ዘግተው አያሳድሩት፤ ሆቴል እንደደረሱ ጥላ ቦታ ያስጡት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እጥበቶች ለብቻው፣ በለስላሳ ሳሙና ያድርጉ። ነጭ ልብስ ላይ አይደርቡት፤ ትርፉ ቀለም በመታሸት ይለቃል።

ሸክላው የሚደርሰው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ነው። ወደ ውጭ የማይልኩ ከሆነ ጃፓን ውስጥ የሚቀበልልዎ ሰው አድራሻ ይስጡ፤ ሁለቱም ከሌለ በዚያ ቦታ አይሥሩ። ኬንዛንና ቢላዋ ከሻንጣው ጋር ይጫናሉ፣ በእጅ አይያዙም። የቀርከሃውን መምቻ ግን በእጅ ቦርሳ፣ በራሱ ጠንካራ ማሸጊያ ውስጥ ይያዙት፤ ቤት ውስጥም በሳሙና አይታጠብም፣ በሙቅ ውሃ ብቻ ታጥቦ በአየር ይደርቃል።

ማቻ ሲገዙ ትንሹን ጣሳ ይምረጡ። ኡጂ ውስጥ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ውድነቱም ከዚህ ነው። ከተከፈተ በኋላ በማቀዝቀዣ ውስጥ በጥብቅ ተዘግቶ ይቀመጥና በአንድ ወር ገደማ ይጠጣ። ቀለሙ ከደማቅ አረንጓዴ ወደ ቡናማ ካደላ ለሻይ አይሆንም፤ ለኬክ ይጠቀሙበት።